ያ ፎቶ የት ሄደ? የጦርነት፣ የመፈናቀልና የፍልሰት ፎቶግራፎች እንዴት እንደሚሠሩ

በ2010 ዓ.ም. ክረምት ሐዋሳ መናኸሪያ አካባቢ በሚገኝ አንድ ፎቶ ቤት እሠራ ነበር። አብዛኛው ሥራችን ለመታወቂያ፣ ለትምህርት ማስረጃና ለፓስፖርት የሚሆን ጉርድ ፎቶ ነበር። በሐምሌ ወር አንድ ቀን ከጌዴኦ ዞን ተፈናቅለው ከተማችን ውስጥ ዘመድ ቤት የተጠጉ አንድ አዛውንት ከባለቤታቸው ጋር መጡ። መታወቂያቸው ከቤታቸው ጋር ስለተቃጠለ ለአዲሱ የሚሆን አራት አራት ጉርድ ፎቶ ያስፈልጋቸው ነበር። መጋረጃው ፊት በርጩማው ላይ ተቀምጠው አንገታቸውን እንዲያቃኑ ስነግራቸው ካሜራውን በጥሞና ተመለከቱና፣ «ልጄ፣ ትምህርት ቤቱ ውስጥ ተጠልለን ሳለን ከዚህ የሚበልጥ ካሜራ የያዘ ሰው እኔንም እሷንም አንሥቶን ነበር፤ ያ ፎቶ የት ሄደ?» ብለው ጠየቁኝ።

«አላውቅም አባባ» ከማለት በቀር መልስ አልነበረኝም። አንድ ፎቶ ከካሜራው ከወጣ በኋላ የት እንደሚደርስ፣ ማን እንደሚመርጠው፣ ማን መግለጫ እንደሚጽፍለት፣ የተነሣው ሰውስ በፎቶው ላይ ምን መብት እንዳለው ለመረዳት ከዚያ ወዲህ ብዙ አንብቤአለሁ፤ ይህ ማብራሪያም ለእሳቸው ጥያቄ ዘግይቶ የመጣ መልስ ነው። በጽሑፉ ውስጥ «ዓ.ም.» ያልተጻፈባቸው ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተቀመጡ ናቸው።

ሁለት ዓይነት ፎቶ

ጉርድ ፎቶ ሲነሣ ሥልጣኑ በተነሺው እጅ ነው። በእግሩ ይመጣል፤ ዋጋውን ይከፍላል፤ መስታወት ፊት ፀጉሩን ያበጥራል፤ ከረባት ከሌለው ፎቶ ቤቱ ያውሰዋል፤ ፎቶውንም በትንሽ ፖስታ ይዞ ይወጣል። የሚሰጥበትን መሥሪያ ቤት ያውቃል፤ ከፎቶው ጎን ሙሉ ስሙ እስከ አያቱ ይጻፋል። በመጠለያ ውስጥ በሚነሣ ፎቶ ግን ይህ ሁሉ ይገለበጣል። የሚመጣው አንሺው ነው፤ ተነሺው በቀረችው አንዲት ልብስ፣ ባልታጠበ ፊት፣ አንዳንዴም ልቅሶ ላይ ሳለ ይነሣል። ፎቶው ከዚያ ሲወጣ ወዴት እንደሚሄድ አይነገረውም፤ ተመልሶም አይመጣለትም፤ ስሙም ብዙ ጊዜ አይጻፍም።

ይህን ሁለተኛውን ዓይነት ሥራ በቋሚነት የያዘው ሙያ ዘጋቢ ፎቶግራፍ ይባላል። ከዜና ፎቶ የሚለየው ከሁሉ በላይ በጊዜ ነው። የዜና ፎቶ አንሺ ጠዋት ደርሶ ከሰዓት በኋላ ፎቶውን ለአርታዒው መላክ ይጠበቅበታል፤ ዘጋቢ ፎቶግራፍ አንሺ ግን በአንድ ጉዳይ ላይ ወራትን፣ አንዳንዴም ዓመታትን ያሳልፋል፤ ሰዎቹ ከመፈናቀላቸው በፊት እንዴት ይኖሩ እንደነበር፣ ከተመለሱም በኋላ ምን እንደገጠማቸው ለማሳየት ይሞክራል። የሚሠራው ነጠላ ፎቶ ሳይሆን ተከታታይ ነው፤ አንዱ ፎቶ ያላለውን ሌላው እንዲለው አድርጎ ይደረድረዋል።

ከዚህ ሙያ ታላላቅ ሰዎች አንዱ በ2025 ያረፈው ብራዚላዊው ሴባስቲያዎ ሳልጋዶ ነበር። ታሪኩ ለእኛ አካባቢ ሰው ቅርብ ነው፤ ካሜራን ሙያው ከማድረጉ በፊት ለንደን በሚገኘው ዓለም አቀፍ የቡና ድርጅት ውስጥ የኢኮኖሚ ባለሙያ ሆኖ ይሠራ ነበርና። ለሥራ ወደ አፍሪካ ሲመላለስ ከሚጽፋቸው ሪፖርቶች ይልቅ የሚያነሣቸው ፎቶዎች እንዳረኩት ስለተረዳ በ1973 ሙያውን ቀየረ። በ1984 እና በ1985 ድንበር የለሽ ሐኪሞች ከተባለው ድርጅት ጋር በሳህል ድርቅ ወደተጎዱ አገሮች ተጉዟል፤ በዚያ ጉዞ ካነሣቸው ፎቶዎች ብዙዎቹ የእኛው የኮረም መጠለያ ፎቶዎች ናቸው። በ1990ዎቹ ደግሞ ለስድስት ዓመት ያህል ከ35 በሚበልጡ አገሮች እየተዘዋወረ ከጦርነት የሚሸሹትን፣ መሬት አጥተው ወደ ከተማ የሚፈልሱትንና ድንበር የሚያቋርጡትን በአንድ ሥራ ሰበሰባቸው። የቀድሞ ሙያው በዚህ ሥራ ላይ በግልጽ ይታየኛል። ሰው ከቀዬው የሚነቀለው በጥይት ብቻ አይደለም፤ የምርት ዋጋ መውደቅ፣ የመሬት መጥበብና የዝናብ መጥፋትም ይነቅሉታል፤ እነዚህ ነገሮች በአንድ ክምችት ውስጥ ጎን ለጎን ሲቀመጡ ተመልካቹ ጦርነትን ከድህነት ለይቶ ለማየት ይቸገራል። ሳልጋዶ ራሱ በ1994 የሩዋንዳን እልቂትና የስደተኞቹን ሰቆቃ ካነሣ በኋላ አካሉም መንፈሱም ተጎድቶ ለተወሰነ ጊዜ ሥራውን አቁሞ ነበር፤ ወደ አገሩም ተመልሶ ከባለቤቱ ጋር የአባቱን የተራቆተ መሬት በደን መልሶ ወደመሸፈን ገባ።

ካሜራው የት ቆመ?

የመጀመሪያዎቹ የጦርነት ፎቶዎች ውጊያ የሌለባቸው ነበሩ። እንግሊዛዊው ሮጀር ፌንተን በ1855 የክራይሚያን ጦርነት ሊያነሣ ሲሄድ ፎቶው የሚነሣው በመስታወት ላይ ስለነበረ፣ መስታወቱም ኬሚካሉ ሳይደርቅ በጋሪ ላይ በተሠራ ጨለማ ክፍል መታጠብ ስለነበረበት ፎቶውም ለመቀረጽ ሰከንዶች ስለሚፈጅበት የሚንቀሳቀስ ነገር ለመያዝ አይቻልም ነበር። ዛሬ ያ ችግር የለም፤ የእጅ ስልክ እንኳ ሯጭን ያስቆማል። ያልተለወጠው ነገር አንሺው የሚቆምበትን ቦታ የሚመርጥ መሆኑ ነው።

ይህን ለመረዳት ሐዋሳ ሐይቅ ዳር እስካለው አሞራ ገደል ዓሣ ገበያ ድረስ መሄድ ይበቃል። ረጅም ሌንስ ይዞ ከሩቅ የሚያነሣ ሰው ዓሣ አጥማጁን፣ ገዢውን፣ ጀልባውንና አባ ኮዳውን አንዱ በሌላው ላይ የተደራረቡ አስመስሎ ያሳያቸዋል፤ ረጅም ሌንስ በፊትና በኋላ ባሉት ነገሮች መካከል ያለውን ርቀት አጥብቦ ያሳያልና። ሰፊ ሌንስ የያዘ ግን ዓሣ የሚገፈውን ልጅ ሊያነሣ ሁለት ሜትር ያህል መቅረብ አለበት፤ በቀረበ ጊዜም ልጁ ያየዋል፣ ይስቅለታል ወይም ይቆጣዋል። በመጠለያ ጣቢያም እንዲሁ ነው። አምስት መቶ ሰው የተሰለፈበትን የዕርዳታ መስመር በረጅም ሌንስ ማንሣት አምስት ሺህ ሰው የተጨናነቀበት ሊያስመስለው ይችላል። መሬት የተቀመጠችን እናት ቆሞ ቁልቁል ማንሣት እሷን ትንሽ ያደርጋታል፤ በርከክ ብሎ በዓይኗ ትይዩ ማንሣት ደግሞ እኩያ ያደርጋታል። እነዚህ ውሳኔዎች ውሸት አይደሉም፤ ያለ እነሱ ፎቶ ማንሣት ስለማይቻል ግን ተመልካቹ ሊያውቃቸው ይገባል።

አንሺው የየት ሰው እንደሆነም ለውጥ ያመጣል። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን ቢሾፍቱ አቅራቢያ ወድቆ 157 ሰዎች ካለቁ በኋላ፣ አሶሼትድ ፕሬስ ለተባለው የዜና ወኪል የሚሠራው ፎቶ አንሺ ሙሉጌታ አየነ በአደጋው ሥፍራ ልቅሶውን አንሥቷል። አንዲት የሟች ዘመድ አፈር እየዘገነች ፊቷ ላይ ስትበትን የሚያሳየው ፎቶ የዚያ ሥራ አካል ነው፤ ሥራውም በ2020 ወርልድ ፕረስ ፎቶ የተባለውን ዓለም አቀፍ የፎቶ ውድድር በዘርፉ በአንደኝነት አሸንፏል። አፈር መበተን ምን ማለት እንደሆነ የሚያውቅ ሰው ካሜራውን መቼ ማንሣት እንዳለበት ብቻ ሳይሆን መቼ ማውረድ እንዳለበትም የማወቅ ዕድሉ የሰፋ ይመስለኛል።

የሚመረጠውና የሚቀረው

በአንድ ቀን ከሚነሡት በመቶ የሚቆጠሩ ፎቶዎች ለሕዝብ የሚደርሱት አምስት ወይም ስድስት ናቸው። መጀመሪያ አንሺው ይመርጣል፤ ከዚያ አርታዒው፤ ከዚያ የሚያትመው ወይም ሥራውን ያዘዘው ተቋም። በቀድሞው ጊዜ ወጪውን የሚችሉት መጽሔቶች ነበሩ፤ አሁን አብዛኛውን የረጅም ጊዜ ሥራ የሚደግፉት የሙያ ድጎማዎችና የዕርዳታ ድርጅቶች ናቸው። የዕርዳታ ድርጅት የሚቀጥረው አንሺ ፎቶው ገንዘብ እንዲያሰባስብ ይጠበቅበታል፤ ስለዚህም በካምፕ ውስጥ ካርታ የሚጫወቱ ወንዶችና ፀጉር የሚሠራሩ ልጃገረዶች ይቀሩና ባዶ ሳህን የያዘ ሕፃን ይመረጣል። ሕፃኑም እውነት ነው፤ ልጃገረዶቹም እውነት ነበሩ።

የምርጫና የአደራደር ኃይል ምን ያህል እንደሆነ ከእኛው ታሪክ የበለጠ ምሳሌ አላገኘሁም። እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ የወሎን ረሃብ ቀርጾ በጥቅምት 1966 ዓ.ም. በአገሩ ቴሌቪዥን አሳየ፤ ፊልሙ ሕዝቡን አስደንግጦ ብዙ ዕርዳታ አሰባሰበ። ከአንድ ዓመት ገደማ በኋላ፣ መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ምሽት፣ ደርግ ያንኑ ፊልም ለኢትዮጵያ ሕዝብ አሳየ። በረሃብተኞቹ ምስሎች መካከል ግን የቤተ መንግሥት ግብዣና የተድላ ምስሎች ተሰክተውበት ነበር። በማግስቱ ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን ወረዱ። የረሃቡ ምስል ያው ነው፤ የተነሡት ሰዎችም ያው ናቸው፤ ፊልሙ ለንደን ሲታይ «ዕርዳታ ላኩ» ይል የነበረው አዲስ አበባ ላይ «ተጠያቂው ይህ ነው» አለ። በፊልሙ ውስጥ የታዩት የወሎ ሰዎች በመጀመሪያው መልእክትም ሆነ በሁለተኛው ላይ ሐሳባቸው አልተጠየቀም። ረሃቡ ተደብቆ እንደነበር አልጠራጠርም፤ ግብዣውም ነበር። የማነሣው ነጥብ ሁለት እውነተኛ ምስሎች ጎን ለጎን ሲቀመጡ በሁለቱም ውስጥ ያልነበረ ሦስተኛ ዓረፍተ ነገር የሚወልዱ መሆናቸውን ነው።

ስም፣ ቦታ፣ ቀን

ከፎቶው ሥር የሚጻፈው መግለጫ የፎቶው ግማሽ አካል ነው። ማን፣ የት፣ መቼ፣ ለምን የሚሉትን ጥያቄዎች ካልመለሰ ፎቶው ለማንም ጉዳይ ማስረጃ ሊሆን ይችላል፤ ባለፉት ዓመታት በፌስቡክና በቴሌግራም ከሌላ አገርና ከሌላ ዓመት የመጡ የሬሳ ፎቶዎች የትናንት የእኛ ተደርገው ሲዘዋወሩ ያየነውም በዚህ ምክንያት ነው።

በመግለጫው ውስጥ ከሁሉ ይልቅ የሚምታቱ ሦስት ቃላት አሉ። ስደተኛ ማለት ከአገሩ ድንበር ውጭ የተጠለለ ሰው ነው፤ መብቱ በ1951 የጄኔቫ ስምምነትና በ1969 አዲስ አበባ ላይ በጸደቀው የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ስምምነት ይጠበቃል። ተፈናቃይ ማለት ቤቱን ጥሎ የሸሸ፣ ነገር ግን ከአገሩ ያልወጣ ሰው ነው፤ ለእሱ የተደነገገው የ2009 የካምፓላ ስምምነት ሲሆን በዋነኛነት ኃላፊነት የሚጥለውም በራሱ መንግሥት ላይ ነው። ፍልሰተኛ ደግሞ ለሥራ፣ ለትምህርት ወይም ለተሻለ ኑሮ የሚንቀሳቀስ ሰው ነው። ተፈናቃዩን «ስደተኛ» ብሎ መጻፍ ተጠያቂውን ይለውጣል። በተግባር ግን ድንበሩ ሁልጊዜ እንዲህ የጠራ አይደለም፤ ከተፈናቀለበት ሲመለስ ቡናው ተቆርጦ ያገኘ ወጣት ወደ ደቡብ አፍሪካ ቢነሣ፣ በአንድ ዓመት ውስጥ ከአንዱ ቃል ወደ ሌላው ተሻገረ ማለት ነው።

በ2010 ዓ.ም. በጌዴኦና በምዕራብ ጉጂ የሆነው ይህንኑ ያሳያል። በሚያዝያና በሰኔ መካከል ወደ አንድ ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው ተፈናቀለ፤ ትምህርት ቤቶች፣ ቤተ ክርስቲያኖችና ግንባታቸው ያላለቀ ሕንጻዎች በሰው ተሞሉ። መቀመጫውን ጄኔቫ ያደረገው የአገር ውስጥ መፈናቀልን የሚከታተል ማዕከል በ2018 በኢትዮጵያ ውስጥ በግጭት ምክንያት 2.9 ሚሊዮን አዲስ መፈናቀሎች መመዝገባቸውን አስታውቋል፤ በዚያ ዓመት ከዓለም ትልቁ ቁጥር ነበር። ከሐዋሳ ተነሥቶ ዲላን አልፎ የሚሄድ አንሺ ጌዴኦዎቹን ብቻ አንሥቶ ሊመለስ ይችል ነበር፤ ቤታቸውን ያጡ ጉጂዎችም ነበሩ፤ እነሱን ብቻ ያነሣም እንዲሁ ግማሹን ይዞ ይመለሳል። መግለጫው ይህን ካልተናገረ ፎቶው ሳይዋሽ ወገን ይይዛል። ሌላም አለ፤ ከተመለሱት ውስጥ ብዙዎቹ በድጋሚ ተፈናቅለዋል፤ በ2011 ዓ.ም. በገደብ ወረዳ የታየው ችግር ከዚያ የመጣ ነው። በሁለቱ ዓመታት የተነሡት ፎቶዎች ቀን ካልተጻፈባቸው አንድ መፈናቀል ይመስላሉ።

ስምን በተመለከተ ሙያው ራሱ ለረጅም ጊዜ ሲከራከር ኖሯል። አሜሪካዊቷ ዶሮቲያ ላንግ በመጋቢት 1936 በካሊፎርኒያ ኒፖሞ በተባለ ቦታ የአተር ለቃሚዎች ሰፈር ውስጥ አንዲትን እናት ከልጆቿ ጋር አነሣች። እጇን አገጯ ላይ አድርጋ ወደ ሩቅ የምትመለከተው ያች ሴት የዘመኑ ድህነት ፊት ሆነች፤ ፎቶው በጋዜጦች ታተመ፣ ቆይቶም በቴምብር ላይ ወጣ። ላንግ ግን ስሟን አልጠየቀቻትም ነበር። ፍሎረንስ ኦወንስ ቶምሰን መሆኗ ለሕዝብ የታወቀው ከ42 ዓመት በኋላ በ1978 ሲሆን፣ እሷም ከፎቶው አንዳች ጥቅም እንዳላገኘች በምሬት ተናግራለች። በሳልጋዶ ላይም ተመሳሳይ ትችት ተሰንዝሯል፤ አሜሪካዊቷ ጸሐፊ ሱዛን ሶንታግ በ2003 የፍልሰት ፎቶዎቹ የተነሡትን ሰዎች ስም ስለማይጠቅሱ ሰዎቹን የመከራቸው ናሙና ብቻ እንደሚያደርጓቸው ጽፋለች። በዚህ ክርክር እኔ ከሶንታግ ጋር ነኝ። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል በሚባልበት አገር፣ የአንሺው ስም በትልቁ ተጽፎ የተነሺው ስም ሲታጣ ዝም ብሎ ማለፍ ይከብደኛል። ይሁንና ስም መጻፍ ሰውን የሚያስገድልበት ጊዜም አለ፤ ከታጣቂ የሸሸች ሴት ስሟና የተጠለለችበት ቀበሌ አብረው ከወጡ ሊደረስባት ይችላል። ስለዚህ ስሙን ማወቅ፣ መዝግቦ መያዝና፣ ይውጣ አይውጣ የሚለውን ባለቤቱ እንዲወስን ማድረግ ሦስት የተለያዩ ግዴታዎች ናቸው።

ፈቃድ ማለት ምን ማለት ነው?

በሕግ በኩል ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ። የ1952 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 27 የአንድ ሰው ፎቶግራፍ ያለ ፈቃዱ በአደባባይ እንዳይታይ፣ እንዳይባዛና እንዳይሸጥ ይከለክላል። አንቀጽ 28 ደግሞ ልዩ ሁኔታዎችን ያስቀምጣል፤ ከእነዚህ ውስጥ ሕዝብን ከሚመለከቱ ነገሮች ወይም በአደባባይ ከተደረጉ ነገሮች ጋር የተያያዘ ፎቶ ይገኝበታል። የመፈናቀል ፎቶ አብዛኛውን ጊዜ በዚህ በሁለተኛው በር ያልፋል። ሕጉ በዚህ መልኩ የሚፈቅደው ቢሆንም ጥያቄው በዚያ አያበቃም፤ የመጠለያ ክፍል ለተጠለለበት ሰው ቤቱ ነው እንጂ አደባባይ አይደለም ብዬ እከራከራለሁና።

ፈቃድ መጠየቁም ብቻውን አይበቃም። ዕርዳታ በሚታደልበት ግቢ ውስጥ ካሜራ ይዞ የመጣ ሰው «ላንሣዎት?» ሲል፣ የተራበ ሰው የሚሰማው «ልመዝግብዎት?» የሚል ነው። እምቢ ካለ ከስንዴው መዝገብ የሚሰረዝ ይመስለዋል። ጥያቄው በአስተርጓሚ የሚያልፍ ከሆነና አስተርጓሚው የቀበሌው ሹም ከሆነ ደግሞ «እሺ» ማለት ከመታዘዝ አይለይም። ጥሩ አንሺዎች ይህን ስለሚያውቁ መጀመሪያ ካሜራውን ሳያወጡ ይቀመጣሉ፤ ፎቶው የት እንደሚታይ ሰውየው በሚገባው መንገድ፣ ለምሳሌ ስልክ ላይ እንደዚህ ያለ ፎቶ አሳይተው ያስረዳሉ፤ እምቢ ማለት ከዕርዳታው ጋር እንደማይገናኝ ይነግራሉ፤ ካነሡም በኋላ ያሳያሉ። ለሕፃን ወላጅ ይጠየቃል፤ ወላጅ የጠፋበት ሕፃን ፊቱ እንዳይለይ ይደረጋል። በዲጂታል ፎቶ ውስጥ የተነሣበት ቦታ በቁጥር ተመዝግቦ ሊቀመጥ ስለሚችል ይህም ከመላኩ በፊት ይጠፋል።

የሟቾችን ፊት በሚመለከት ያለው ጥንቃቄ ከሁሉ ይበልጣል። በሚያዝያ 2007 ዓ.ም. በሊቢያ የተገደሉት ወገኖቻችን ምስል ሲሠራጭ የልጃቸውን መሞት በዚያው ምስል የተረዱ ቤተሰቦች ነበሩ። መርዶ በእኛ ባህል ሽማግሌ ተመርጦ፣ ሰዓት ታይቶ፣ ጎረቤት ተሰብስቦ የሚነገር ነገር ነው። ያልታሰበበት ምስል ይህን ሥርዓት በአንዴ ያፈርሰዋል።

ፎቶው የሚያደርገውና የማያደርገው

ፎቶ ሰውን ያንቀሳቅሳል ሲባል ተጨባጭ ነገር ነው። ኬንያዊው ሞሐመድ አሚን በኮረም የቀረጸው፣ ማይክል በርክ የዘገበው ምስል ጥቅምት 13 ቀን 1977 ዓ.ም. በቢቢሲ ሲተላለፍ የዓለም ዕርዳታ ወደ ኢትዮጵያ ጎረፈ። ሞሐመድ አሚን በ1991 አዲስ አበባ ውስጥ በፈነዳ የጥይት መጋዘን ክንዱን አጥቷል፤ በ1996 ደግሞ የተጠለፈው የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን ኮሞሮስ አጠገብ ሲወድቅ ከሞቱት መንገደኞች አንዱ ሆነ። ያ ምስል የብዙዎችን ሕይወት አትርፏል፤ ከድርቁ ጋር የነበረውን ጦርነት ግን አላሳየም፤ በዚህም ምክንያት ብዙ የውጭ ሰው ረሃቡ ከሰማይ ብቻ የወረደ አድርጎ ይዞት ቀረ።

የሚያንቀሳቅሰው ስሜት ዕድሜም አጭር ነው። በመስከረም 2015 የሁለት ዓመቱ ሶርያዊ ሕፃን አላን ኩርዲ በባሕር ሰምጦ ሞቶ በቱርክ ቦድሩም ዳርቻ ወድቆ የሚያሳየው የፎቶ አንሺዋ የኒሉፈር ደሚር ፎቶ ሲወጣ ለስደተኞች የሚሰጠው መዋጮ በብዙ እጥፍ ጨመረ፤ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ግን መልሶ ወረደ። በባሕር መሞቱ አልቆመም።

ይህን ሁሉ ኃይል የተሸከመ ነገር ስለሆነ ሙያው መነካካትን አይታገሥም። ብርሃንና ጨለማን ማስተካከል ይፈቀዳል፤ ነገር መጨመር ወይም መቀነስ አይፈቀድም። በ2014 አሶሼትድ ፕሬስ በሶርያ ጦርነት ፎቶዎቹ የተሸለመውን ናርሲሶ ኮንትሬራስን ያሰናበተው ከአንድ ፎቶ ጥግ የባልደረባውን ካሜራ አጥፍቶ ስለተገኘ ነው። ለአንዲት ጥግ ይህ ቅጣት የበዛ የሚመስለው ይኖራል፤ እኔ ግን ትክክል ነው እላለሁ፤ ተመልካቹ አንዱን ከተጠራጠረ የቀሩትንም ይጠራጠራልና።

ያልተነሣው መንገድ

ከዚህ ሁሉ በላይ ለእኛ ለደቡብ ሰዎች የሚከብደው ፎቶ የሌለው መከራ ነው። ከሆሳዕናና ከዙሪያዋ ተነሥቶ በሞያሌ፣ በኬንያ፣ በታንዛኒያ፣ በማላዊና በሞዛምቢክ አድርጎ ደቡብ አፍሪካ የሚደርሰውን መስመር ሐዋሳ ላይ የማያውቀው የለም፤ ደላላውም፣ የተላከው ብርም፣ በብሩ የተሠራው ቤትም በየሰፈሩ ይወራል። በመጋቢት 2020 በሞዛምቢክ ቴቴ ግዛት በአንድ የጭነት መኪና ኮንቴይነር ውስጥ 64 ኢትዮጵያውያን ታፍነው ሞተው ተገኙ፤ በሕይወት የተገኙት 14 ብቻ ነበሩ። በ2022 በማላዊ ምዚምባ የጅምላ መቃብር ተገኘ፤ በዚያው ዓመት መጨረሻ ዛምቢያ ሉሳካ ዳርቻ 27 አስከሬኖች ተጥለው ተገኙ። በኮንቴይነሩ ጨለማ ውስጥ ካሜራ አልነበረም፤ ሊኖርም አይችልም። ወደ ሜዲትራኒያን የሚሄደው መንገድ ቢያንስ ጀልባ አለው፣ ጀልባውን ከመርከብ ላይ የሚያነሣ አለ፤ ይህኛው ግን የሚታየው ካለቀ በኋላ ብቻ ነው። ዓለም ስለ ደቡቡ መስመር ያለው ዕውቀት አነስተኛ የሆነበት አንዱ ምክንያት ይህ ይመስለኛል።

እንዲህ ያለውን ጉዳይ የሚይዝ ዘጋቢ ፎቶግራፍ አንሺ ጉዞውን ትቶ ዙሪያውን ያነሣል፤ ግድግዳው ተለስኖ ሰው ያልገባበትን ቤት፣ ስልኳን ከጎኗ የማትለይ እናትን፣ ወንድሞቹ ሁሉ ሄደው ብቻውን የሚያርስ ልጅን። ከእነዚህም በላይ የሚናገረው በየቤቱ ያለው የሄደው ልጅ ፎቶ ነው። አስከሬን ሳይመጣ ለቅሶ በሚቀመጥበት ቤት ያ ፎቶ ጎልቶ በፍሬም ይመጣል፤ እናቱ ታቅፋው ታለቅሳለች፤ አልቃሿም ስሙን እየጠራች የምታናግረው ፎቶውን ነው። ፎቶ ቤት ስሠራ እንዲህ ላለ ለቅሶ ከጉርድ ፎቶ ላይ እንዳጎላ የመጡልኝን ቤተሰቦች አልረሳቸውም። ጉርድ ፎቶ ሲጎላ ይደበዝዛል፤ እነሱ ግን ጥራቱን አይጠይቁም፤ የሚጠይቁት ለአርባው ይደርስ እንደሆነ ነው።

ጌዴኦው አዛውንት ያን ዕለት ጉርድ ፎቷቸውን ከተቀበሉ በኋላ ባለቤታቸውን አስጠርተው፣ ሁለታቸውን አብሬ በፖስት ካርድ መጠን እንዳነሣቸው ጠየቁኝ። አነሣኋቸው፤ አጥቤም ሰጠኋቸው። ፎቶውን ገልብጠው ነጩን ጀርባ አሳዩኝና እንድጽፍላቸው ነገሩኝ፤ መጀመሪያ የባለቤታቸውን ስም ከነአባቷ፣ ቀጥሎ የራሳቸውን፣ ከዚያ የመጡበትን ቀበሌ፣ የቡናቸው መሬት የሚገኝበትን ቦታ፣ በመጨረሻም ቀኑን። ስጨርስ ማንበብ የሚችል የእህታቸው ልጅ ጮክ ብሎ እንዲያነብላቸው አደረጉ፤ በአንዱ ስም ላይ ስላረሙኝ ሰርዤ እንደገና ጻፍኩት።